ከቀዶ ሕክምና ክፍል እስከ ትምህርት ቤት ሜዳ፦ የዲፊብሪሌተር ታሪክና የተማሪ ስፖርተኞች ደኅንነት



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ መሣሪያ ጉዞ ነው። ልብ ደም መርጨቱን ትቶ ሲርበተበት በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ምቱ የሚመልሰው ዲፊብሪሌተር የተወለደው በሐኪሞች እጅ ነው፤ ታሪኩ ግን ከሐኪሞች እጅ የመውጣት ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካዋ የክሊቭላንድ ከተማ፣ ክላውድ ቤክ የተባሉ ቀዶ ሐኪም የአንድ የ14 ዓመት ልጅ ደረት ላይ የነበረውን የአፈጣጠር ጉድለት ሲያስተካክሉ የልጁ ልብ ቆመ። ሐኪሙ ደረቱን ዳግም ከፍተው ልቡን በእጃቸው እያሹ ቆዩ፤ በመጨረሻም በቀጥታ ልቡ ላይ ባሳረፉት ንዝረት ልጁ ተረፈ። በዚህ መንገድ ከሞት አፋፍ የተመለሰው የመጀመሪያው ሰው የተማሪ ዕድሜ ላይ የነበረ ልጅ መሆኑን ልብ በሉ። ያው ልጅ ኳስ ሜዳ ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ግን ማንም አይደርስለትም ነበር። ደረት ሳይከፈት ንዝረት መስጠት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በ1965 ደግሞ የቤልፋስቱ ሐኪም ፍራንክ ፓንትሪጅ በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ 70 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን መሣሪያ አምቡላንስ ላይ ጫኑ፤ ሕሙማኑ የሚሞቱት ሆስፒታል ሳይደርሱ መሆኑን ተገንዝበው ነበርና። የዛሬው መሣሪያ ከቦርሳ አይበልጥም፤ የልብን ምት ራሱ አንብቦ፣ ሐኪም ላልሆነ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት በድምፅ ይነግረዋል።

ከዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የጆንስ ሆፕኪንስ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ኮዌንሆቨንና ባልደረቦቻቸው በውሾች ላይ ሲሞክሩ፣ የመሣሪያው መዳፎች ደረት ላይ ተጭነው ሲያርፉ፣ ኤሌክትሪኩ ገና ሳይለቀቅ፣ የደም ግፊቱ ከፍ ሲል ተመለከቱ። ምንም መሣሪያ የማይጠይቀው፣ በእጅ ደረትን የመጫን እርዳታ የተገኘው ከመሣሪያው ምርምር ነው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1960 ታተመ።

ይህ ለልደታ ምኗ ነው? ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ሆኖም ልቡ የቆመ ሰው ያለ እርዳታ በቆየበት በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ የሚወድቅ ተማሪ እንኳ በቅርበቱ ብቻ አይድንም። ተሸክሞ መሮጥ የደግነት ልማዳችን ነው፤ ተሸካሚው ግን ደረት መጫን አይችልም። ልብ ሲቆም በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሰውነት ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል፣ ተመልካቹ የሚጥል በሽታ መስሎት ክብሪት ጭሮ ያሸትታል። ውድ ደቂቃዎች የሚባክኑት እዚህ ላይ ነው።

ዓለም ሁለቱንም መልኮች አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊዮን ላይ ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎዬ በጨዋታ መካከል ወድቆ ሞተ። በ2021 ኮፐንሃገን ላይ ክርስቲያን ኤሪክሰን ሜዳው ላይ ደረቱ ተጭኖ፣ ንዝረት ተሰጥቶት ተነሣ።

የእኛ ተማሪዎች ሌላም ስጋት አለባቸው። ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ከ1,000 የአዲስ አበባ ተማሪዎች ከ6 በላይ በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል የከፈተው እንዲህ ያሉ ልጆች ስለበዙ ነው። ስለዚህ ሩጫ የሚያደክመውን፣ ትንፋሽ የሚያጥረውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለት በፊት ልቡን በማዳመጫ ማስመርመር ይቀድማል። ቀጥሎ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩና ተማሪዎቹ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ደረት መጫንን ይልመዱ፤ ይህ ግዢ አይጠይቅም። መሣሪያውን ቅንጦት የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ባይዳረስ እንኳ ብዙ ትምህርት ቤቶች በሚገናኙበት የውድድር ሜዳ ላይ አንድ ሊኖር ይገባል።

ሲመጣም ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ እንዳይቆለፍበት አደራ እላለሁ። የተማሪ ግጥሚያ የሚካሄደው ቅዳሜና ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ ቁልፍ ያዡ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው።