ባንዳና ባንዲራ፦ የአንድ ሥር ሁለት ቃላት

በፖለቲካችን ውስጥ «ባንዳ»ን ያህል በቀላሉ የሚወረወር፣ የዚያኑ ያህልም የሚያቆስል ስድብ ጥቂት ነው። ለመሆኑ ቃሉ ከወዴት መጣ?

ያገኘነው ከጣልያን ነው። ጣልያኖች «ባንዳ» ይሉ የነበረው በአገሬው አለቃ እየተመራ ለእነርሱ የሚዋጋውን ኢመደበኛ ጦር ሲሆን፣ መደበኛው ቅጥር ወታደር «አስካሪ» ይባል ነበር። በየካቲት 1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት ሊካሄድ ጥቂት ሲቀረው ጣልያንን ከድተው ወደ ወገናቸው የተመለሱት ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ የእንዲህ ያለ ባንዳ አለቆች ነበሩ።

ከጣልያንኛው ጀርባ ላቲን አለ። በኋለኛው ዘመን ላቲን «ባንዱም» ማለት የጦር ዓርማ ነው፤ ሮማውያን ቃሉን የወረሱት በሠራዊታቸው ከተቀጠሩት ጀርመናዊ ነገዶች ነው። ስለ አፄ ካሌብ የየመን ዘመቻ የጻፈው ፕሮኮፒዮስም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቃሉን መዝግቦታል። ውሎ አድሮ ዓርማውን የሚከተለው ጭፍራ በዓርማው ስም ተጠራ። ከዚሁ ሥር «ባንዲዬራ» የተሰኘው የጣልያንኛ ቃል በቀለ፤ የእኛው «ባንዲራ» ማለት ነው። እንግዲህ የምንሞትለት ባንዲራና የምንጸየፈው ባንዳ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ይህን የምጽፈው ቆቦንና የራያን ሜዳ እያሰብሁ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተሸነፈው የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲያፈገፍግ ከሰማይ ቦምብና መርዝ ወረደበት፤ በምድር ደግሞ ጣልያን ጠመንጃና ብር የሰጣቸው የራያና የአዘቦ ታጣቂዎች አጠቁት። ይህ አይካድም። ነገር ግን በእነርሱና በማዕከላዊው መንግሥት መካከል ከ1920 እስከ 1922 ዓ.ም. በዘለቀው አመፅ ምክንያት ደም ፈስሶ ነበር። ፋሽስት ቂሙን ተዘጋጅቶ አገኘውና ገዛው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደውና ቆቦ ከእጅ ወደ እጅ በተፈራረቀችበት ጦርነትም «ባንዳ»፣ «የባንዳ ልጅ» የሚሉ ስድቦችን ደጋግመን ሰማን። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ባንዳነት የሰው ሥራ ነው፤ የሠራው ይጠየቅበታል፣ እነራስ ስብሐት እንዳደረጉትም ይመለስበታል። በዘር ግን አይወረስም። ሕዝብን በአያቶቹ ሥራ መስደብ ያንኑ አሮጌ ቂም ለሚቀጥለው ገዢ አሰናድቶ ማቆየት ነው።