በራያ ቆላ ስለ ስለትና ስለ ሠሪው

በቆቦና በራያ ቆላ የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲነገር ጠመንጃ ይቀድማል። እኛ ግን በወገብ የሚታጠቀውን ስለት እንመረምራለን። ከዞብል ተራራ ማዶ ያለው የአፋር ጊሌ ቆልማማና በሁለት ወገን የተሳለ ነው፤ ለውጊያ ቢመረጥም ጀርባ ስለሌለው ጣት አሳርፎ ቆዳ ለመግፈፍ አያመችም። ለእርድና ለግፈፋ ባለ አንድ ስለቱ ካራ ይሻላል። ሰንጢ በኪስ ለመያዝ ቢቀልም መታጠፊያው ከአጥንት ጋር ሲታገል ይላላል።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። በአገራችን ስለቱን የታጠቀው ጀግና ሲባል፥ ብረቱን በወናፍ አግሎ የቀጠቀጠው «ቡዳ» እየተባለ ይገለል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ፤ ንቀቱ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። ስለዚህ የስለት ታሪክ ከታጣቂው ወገብ ሳይሆን ከቀጥቃጩ ወናፍ ሊጀምር ይገባዋል እንላለን።