የምንተነፍሰው አየር፣ የጎንደር ክረምትና የቤር ሼቫ አቧራ

ምድር ዙሪያዋን በአየር ተሸፍናለች። ይህ ሽፋን ከባቢ አየር ይባላል። ደረቅ አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን፣ 21 እጁ ኦክስጅን ሲሆን ከቀረው አብዛኛው አርጎን የሚባል ጋዝ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 0.04 እጅ ገደማ ብቻ ነው፤ ነገር ግን የምድርን ሙቀት ይዞ በማቆየት ረገድ ድርሻው ከመጠኑ ጋር አይመጣጠንም።

ናይትሮጅንን እንዳለ ከአየር ወስደን አንጠቀምበትም። በባቄላና በሽምብራ ሥር የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ግን ወደ አፈር ያስገቡታል። አባቶቻችን ጤፍ በታጨደበት መሬት ሽምብራ ሲዘሩ ይህንኑ ሥራ ያሠሩ ነበር።

አየር ክብደት አለው፤ ከፍ ባልን ቁጥርም ይሳሳል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በኦሪት ቤርሳቤህ የምትባለው ከተማችን ግን 300 ሜትር እንኳ አትሞላም። ስለዚህ ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ እዚህ 99 ይደርሳል። እዚህ ሽምብራው ቶሎ የሚበስለው ምድጃው ስለተሻለ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ክረምት የሚለው ቃል በየቤቱ ግራ ያጋባል። ልጆች የዕብራይስጡን ሖሬፍ ክረምት ብለው ሲተረጉሙ አያቶች ሐምሌን ያስባሉ። በአገር ቤት ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል እርጥብ አየር ከውቅያኖስና ከኮንጎ በኩል ይመጣል፤ ተራራው ወደ ላይ ሲገፋው ይቀዘቅዝና ይዘንባል። በእነዚያው ወራት በእስራኤል ሰማይ ላይ አየሩ ወደ ታች ስለሚወርድ ደመና ለዝናብ አይበቃም። እዚህ የሚዘንበው በብርዱ ወራት፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር በሚመጣ እርጥበት ነው። ለቤር ሼቫ የሚደርሳት በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ጎንደር ከዚያ አምስት እጥፍ ያህል ታገኛለች።

አቧራው ግን የእኛ ከተማ ዋና ጉዳይ ነው። የምንረግጠው ቢጫማ አፈር፣ ሌስ የሚባለው፣ ራሱ ነፋስ ከሲናና ከሰሃራ በኩል በብዙ አሥር ሺህ ዓመታት ውስጥ አምጥቶ የከመረው አቧራ ነው። ዝናብ ሲመታው ፊቱ ይጠጥርና ውሃው ሳይሰርግ ይፈስሳል። በበጋ ደርቆ የሚታየው የቤር ሼቫ ወንዝ በድንገት የሚሞላው በዚህም ምክንያት ነው፤ ጎርፍ ሲኖር በእግርም በመኪናም አይሞከርም።

በጸደይ ሻራቭ የሚባለው ደረቅ ሙቀት ሲመጣ ሰማዩ ይደበዝዛል፤ ይህም ኦቬኽ ይባላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ከሶርያና ከኢራቅ በኩል የተነሣው አቧራ እስራኤልን፣ ሊባኖስን፣ ዮርዳኖስንና ቆጵሮስን ለቀናት ሸፍኖ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ጎጂ የሚሆነው በዓይን የሚታየው ብናኝ ብቻ አይደለም። ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያነሰው ደቃቅ እስከ ሳንባ ይዘልቃል። አስም ላለባቸው፣ ለልብ ሕሙማን፣ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ከባድ ነው። «ለአቧራ እንግዳ አይደለንም» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ሳንባ ግን አቧራን አይለምድም።

በሬዲዮ «ዚሁም አቪር ጋቮሃ» ሲባል አየሩ በጣም ተበክሏል ማለት ነው፤ ዕብራይስጥ ለማይሰሙ ወላጆች ልጆች ይንገሩ። መስኮት ይዘጋ፣ ከቤት ውጭ ሩጫና ከባድ ሥራ ይቅር፣ አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ከእጁ አይለይ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከጨነቀ ማግስቱን ሳይጠብቁ ሐኪም ማየት፣ ሲጠና ደግሞ 101 መደወል ያስፈልጋል። በረንዳ ላይ የተሰጣ በርበሬ ካለም ቀድሞ ይግባ።