ስሙ የተነሣ፣ ኮቴው የተረሳ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። ድሉ የሰውየው እንጂ የእንስሳው አይደለም ለማለት ነው። ይሁን፤ አይዋጋም እንበል። ማድረሱንስ በምኑ ያደርሳል? በአራት ኮቴው አይደለምን? ስለዚያ ኮቴ ግን የጻፍነውም ያወራነውም እጅግ ጥቂት ነው።

ስለ ፈረሱ ስም ከሆነ ማንም አይቀድመንም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ጌታው በፈረሱ ስም ይፎክራል፤ አዝማሪውም በፈረሱ ስም ያወድሰዋል። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚያዝዘው ሹም ባልደራስ የተባለ ማዕርግ ነበረው። አዲስ አበባ ውስጥ ባልደራስ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የሹሙ ማዕርግ የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ። በየማለዳው ፍግ ጠርጎ፣ ኮቴ አንሥቶ፣ የተሰነቀረውን ጠጠር ሲያወጣ የኖረው ሎሌ ግን ስሙን የያዘለት ሰፈር የለም።

ይህን ነገር እንዳብሰለስል ያደረገኝ የምዕራብ ጎጃም መንገድ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በተመላለስሁባቸው ጊዜያት ዓይኔ የሚያርፈው በጋሪ ፈረሶች ላይ ነበር። ባጃጅ ከገባም ወዲህ እህል፣ ሲሚንቶና የገበያ ሰው የሚጭነው ጋሪ ከነዚህ ከተሞች አልጠፋም። አንድ በዕድሜ የገፉ ባለጋሪ «ፈረሱን መቼ ነው የሚያሳዩት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ሲያነክስ ነዋ ልጄ» አሉኝ። «ካላነከሰስ?» አልኋቸው። «ካላነከሰማ ምን ሆነ ብዬ ላሳየው?» ሲሉ በመገረም አዩኝ። መልሳቸው የሳቸው ብቻ አይደለም፤ የብዙዎቻችን ነው። እንስሳ የሚታከመው ሲወድቅ ነው ብለን እናምናለን።

የጎጃም መንገድ ግን የዚህን እምነት ዋጋ አንድ ጊዜ በትልቁ አሳይቷል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ገቡ። እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦርም ጥይቱንና ስንቁን ከሱዳን ያመጣው በግመል ነበር፤ ቁጥሩ ወደ 15 ሺህ ይገመታል። ግመሎቹ የሜዳና የበረሃ እንስሳት ናቸው። የጎጃም ደጋ ብርዱ፣ ገደሉና የማያውቁት መኖ፣ ከዚያም በላይ የጭነቱ ገጣባና የደህና ጠባቂ እጦት ፈጃቸው። በየካቲት መጨረሻ ኢጣሊያኖች ቡሬን ለቀው ወጡ፤ በሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ ሁሉ ግመል ግን ተርፎ የደረሰው እጅግ ጥቂቱ ነበር። የቀድሞዋ ውጀት ፍኖተ ሰላም፣ ማለትም የሰላም መንገድ፣ የተባለችው በዚሁ የመልስ ጉዞ እንደሆነ የአገሩ ሰው ይተርካል። ስሙ ደስ ይላል። ወደዚያ ሰላም ተሸክሞ ያደረሰው እንስሳ ግን መንገድ ዳር ቀርቷል።

አንባቢ «አያቶቻችን ለፈረሳቸው ብረት ጫማ አድርገው ያውቃሉ እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። ትክክል ነው፤ የደጋው ፈረስ በአብዛኛው ባዶ እግሩን የኖረ ነው። የፈረስ ኮቴ እንደ ሰው ጥፍር ነው፤ በወር ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ያድጋል። በድንጋያማ አገር የሚሄድ ፈረስ ያደገለትን ያህል ኮቴ መንገዱ ራሱ እየሞረደ ይጨርስለታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪኩ ዜኖፎን ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ያውቅ ነበር። መሠረቱ የማይረባ ቤት እንደማይጠቅም ሁሉ እግሩ የማይረባ ፈረስም አይጠቅምምና ፈረስ ገዢ አስቀድሞ እግሩን ይይ ይላል። ኮቴ እንዲጠነክርም ፈረሱ የሚቆምበት ቦታ ድንጋይ እንዲነጠፍበት ይመክራል።

ነገሩን የለወጠው ጋሪና አስፋልት ነው። ቀኑን ሙሉ በአስፋልት ላይ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ኮቴው ከሚያድገው በላይ ያልቃል፤ ስለዚህ ብረት ይቸነከርለታል። ብረት ከተመታ በኋላ ደግሞ ኮቴው መሞረዱ ይቀርና ዝም ብሎ ያድጋል። ጫማው ገና አላለቀም ተብሎ ሲተው የኮቴው አፍንጫ ይረዝማል፤ ተረከዙ ይወድቃል፤ ጅማቱ ይወጠራል። ሽማግሌው የሚጠብቁት ማነከስ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማነከስ የበሽታው መጀመሪያ ሳይሆን የዝምታው መጨረሻ ነው።

ታዲያ በየስንት ጊዜው? ጠጠርና ጭቃ ማውጣት በየቀኑ ነው። ኮቴ መከርከም፣ ብረት ካለውም አውልቆ አስተካክሎ መልሶ መምታት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ይህን ለማስታወስ የፈረንጅ ደብተር አያስፈልግም፤ የኛው በዓላት ይበቃሉ። ከመስቀል እስከ ኅዳር ሚካኤል 55 ቀን ነው፤ ከኅዳር ሚካኤል እስከ ጥምቀት 59፤ ከጥምቀት እስከ መጋቢት አቦ 54። ጠበል ጠዲቅ የማይረሳ ባለጋሪ ኮቴውንም አይረሳም።

ሌላውም ቀን አለው። ጥርሱ እኩል ሳያልቅ ቀርቶ ጉንጩን እንዳያቆስለው በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል። የሆድ ትል መድኃኒት ቢያንስ ክረምቱ ሲገባና ሲወጣ ይሰጠዋል። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ገዳይ የሚያዛምቱት ጥቃቅን ትንኞች ሲሆኑ፣ የሚበረቱትም ክረምቱ ወጣ ሲል ነው፤ ስለዚህ ክትባቱ በየዓመቱ ከዚያ ቀድሞ መሰጠት አለበት። ክትባቱን ደብረ ዘይት ያለው የእንስሳት ክትባት ተቋም ያመርተዋል። በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የናፒየር ጦር ገና ዙላ ጠረፍ ላይ ሳለ እጅግ ብዙ በቅሎና ፈረስ ያለቀበት በዚሁ በሽታ ነው። ያኔ ክትባት አልነበረም፤ ዛሬ ግን አለ።

ባለጋሪውን ጨካኝ ነው ማለት አልፈልግም። ፈረሱ አንድ ቀን ቆሞ ከዋለ የልጆቹ እንጀራ ቆሞ ይውላል። ግን ለክርከማ የቆመው አንድ ቀን በሽባነት ከሚቆመው ስድስት ወር ያንሳል። ይህን ስሌት ባለጋሪው ብቻውን እንዲወጣውም አይፈረድበትም። ከሁለት ሚሊዮን የማያንስ ፈረስ ያላት አገር በየከተማው መኪና ጠጋኝ ስታሰለጥን ኮቴ የሚከረክም ሰው ብታሰለጥን ምን ይጎድልባታል?

ከቡሬ ወዲያ አገው ምድር ነው። እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር ፈረስና ፈረሰኛ በዓድዋና በአርበኝነቱ ዘመን የዋሉትን ውለታ ያስባል። ፈረሱ ባማረ ግላስና መጣብር ተሸልሞ ሲጋልብ ማየት ያኮራል። እኔ የምመኘው በዓሉ እንዲህ እንደደመቀ በዋዜማው የኮቴና የጥርስ ምርመራ ቀን ቢታከልበት ነው። ለአንድ ቀን የምንሸልመውን ፈረስ ሌላውን ቀን ባዶ እግሩን ካስነከስነው ያከበርነው ፈረሱን ሳይሆን የራሳችንን ትዝታ ነው።

አበው «ፈረስ ያደርሳል» ያሉት እውነት ነው። ለማድረሱ ግን ማንም በየሁለት ወሩ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሊያነሣለት ይገባል።