ቤት ያልመታ ግጥም

ባለፈው ዓመት አንድ የክፍላችን ልጅ አባቱ ሞቶበት ከአገር ቤት ሲመለስ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ግጥም ይዞ መጣ። ሰጠን፤ አነበብናት። እኛም የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን አይደል፣ «ሦስተኛው መሥመር ቤት አልመታም፤ እዚህ ጋ ደግሞ ምጣኔው ተዛብቷል» ብለን በቀይ እስክሪብቶ አርመን መለስንለት። ልጁ ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲህ የጻፈውን አሳይቶን አያውቅም።

ይህን የምናነሣው ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ጥያቄ ስለ ፈጠረብን ነው። ግጥም ያስተምራል ይባላል፤ ያጽናናል፣ ይፈውሳልም ይባላል። ታዲያ መቼ ነው የሚታረመው? መቼስ ነው ዝም ተብሎ የሚደመጠው? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ሄደን ታሪክ ማገላበጥ ግድ ሆነብን።

ድርሰት በማስጻፍ ማስተማር ከውጭ የመጣ አዲስ ዘዴ የሚመስላቸው አሉ። የኛ ቅኔ ቤት ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ሥራዬ ብሎ የያዘው ይህንኑ ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላ ንባቡንና ዜማውን ያደላደለ ደበሎ ለባሽ ተማሪ የግዕዙን ግስና አገባብ እያጠና ቅኔ ይቆጥራል። መጀመሪያ ባለ2 መሥመሩን ጉባኤ ቃና፣ ቀጥሎ ባለ3ቱን ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ ባለ5ቱን ዋዜማና ባለ6ቱን ሥላሴ አልፎ ባለ8ቱ መወድስ ላይ ይወጣል። ከዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ያሰላስላል፤ ሰሙን ከወርቁ ያገናኛል፤ ከዚያ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል። የተጣመመው ይቃናለታል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም አይሆንም፤ የሰው ቅኔ ሰርቆ መንገርማ ነውር ነው። ማለትም ተማሪው ሰዋስውን የሚያውቀው ትርጓሜውን ሸምድዶ ሳይሆን በየቀኑ አዲስ ነገር እየሠራ ነው።

እስቲ ይህን ከራሳችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጋር እናስተያየው። እኛ ግጥም የተማርነው እንዴት ነው? ባለቅኔው ምን ለማለት እንደ ፈለገ ከሀ እስከ መ ከተደረደሩት መርጠን እንድናከብ ነው። አንዲት መሥመር ራሳችን እንድንሞክር የጠየቀን አልነበረም። ቆሎ ተማሪው ከኛ ይሻል ነበር ብንል አላጋነንም።

ይሁን እንጂ ቅኔ ቤትን ገነት አድርገን ልንሥል አንፈልግም። ተማሪው አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ የሚያድር ነበር። ደጁም ለሴት ልጅ የተከፈተ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ተምረው በጎጃም ቅኔ ማስተማራቸው እስከ ዛሬ እንደ ተአምር የሚወራው ለዚሁ ነው። ግዕዙም ቢሆን ቁራሹን ለሚመጸውተው ገበሬ የሚገባ ቋንቋ አልነበረም።

የገበሬው ቅኔ ቤት ለቅሶ ቤት ነበር። እዚያ አልቃሿ የሟቹን ሥራ፣ የቀሪውን ሐዘን በአማርኛ ግጥም ታወርዳለች፤ ሕዝቡ ይቀበላል። ሚስት ወይም እናት ተነሥታ የራሷን ሙሾ ብታወጣ ማንም «ቤት አልመታም» አይላትም። «ተዋት፣ አልቅሳ ይውጣላት» ነው የሚባለው። የሚያስፈራው ሳታለቅስ የቀረችው ናት። እንግዲህ አያቶቻችን ሁለቱንም ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ የሚታረመውን ቅኔ ከመምህሩ ፊት፣ የማይታረመውን ሙሾ ከድንኳኑ ውስጥ።

ወደ ውጭው ዓለም እንሻገር (ከዚህ በኋላ ያለው የዓመት ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በ1916 ሳሙኤል ክሮዘርስ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ለበሽተኛ መጽሐፍ ስለሚታዘዝበት ክሊኒክ ግማሽ ቀልድ የሆነ መጣጥፍ አወጣ፤ ለነገሩም «ቢብሊዮቴራፒ» የሚል ስም ሰጠው። የመጻሕፍት ሕክምና ማለት ነው። ቀልዱን የምር ካደረጉት አንዷ ግን ሴዲ ፒተርሰን ዴላኒ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ናት።

ዴላኒ በኒው ዮርክ፣ በሃርለም ሰፈር በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ትሠራ ነበር። በ1924 መጀመሪያ ላይ ወደ ደቡብ፣ ወደ አላባማ ወረደች። በዚያ ቱስኪጊ በተባለ ከተማ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ጥቁር ወታደሮች የተሠራ ሆስፒታል ከዓመት በፊት ተከፍቶ ነበር። አከፋፈቱ ሰላማዊ አልነበረም። የአካባቢው ነጮች ሆስፒታሉ በነጭ ሐኪሞች ይመራ ብለው ተነሡ፤ ኩ ክለክስ ክላንም በ1923 በከተማው ተሰልፎ አስፈራራ። ጥቁሮቹ ግን አልለቀቁም።

ዴላኒ ስትደርስ ቤተ መጻሕፍቱ 1 ጠረጴዛና 200 መጻሕፍት ነበሩት። በሽተኛው ደግሞ አካሉ የጎደለ፣ ሳንባው የታመመ፣ አእምሮው የታወከ፣ ለአገሩ ተዋግቶ ሲመለስ እንደ ሰው ያልተቆጠረ ነው። እሷ መጽሐፍ ዝም ብላ አታድልም። ይህ ሰው ከየት መጣ? ምን ይወዳል? ሐኪሙስ ምን ይላል? ብላ ጠይቃ፣ ለዚያ ሰው የሚሆነውን መርጣ ነው የምትሰጠው። መነሣት ለማይችለው መጽሐፉ ካልጋው ድረስ ይሄድለታል። ስለ ጥቁር ሕዝብ ታሪክ የሚያወሱ መጻሕፍት በመደርደሪያዋ ልዩ ቦታ ነበራቸው። ያነበቡት ተሰብስበው የሚወያዩበት ማኅበር አቋቋመች። ዓይናቸውን ላጡት ብላ ብሬል ራሷ ተምራ አስተማረች። በ1958 እስክትሞት ድረስ ከዚያ ሥራ አልተለየችም። ለሕክምናው የሰጠችው ትርጉም አጭር ነው፤ ተመርጦ በሚሰጥ ንባብ በሽተኛን ማከም።

ሦስተኛው ምሳሌያችን ባለቅኔው ኬነት ኮክ ነው። በ1968 ኒው ዮርክ ውስጥ ብዙ ድሃ ልጆች የሚማሩበት አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባና ልጆቹን ግጥም አስጻፈ። ቤት ስለ መምታት እንዳይጨነቁ ነገራቸው፤ ብቻ እያንዳንዱ መሥመር በምኞት ይጀምር አለ። ልጆቹ ጎረፉ። ያንን በ1970 «ምኞት፣ ውሸትና ሕልም» ብሎ በሰየመው መጽሐፍ ዘገበው። ኋላም ወደ አረጋውያን መጦሪያ ሄዶ አቅመ ደካሞችን እንዲሁ አስጻፈ። የሚገርመው፣ ሥራውን ሕክምና ብሎ አልጠራውም። ግጥም ነው የማስተምራቸው ባይ ነበር። ሽማግሌውን እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ ገጣሚ ማየት በራሱ ክብር ነውና።

ሳይንሱም በበኩሉ ነገሩን መርምሯል። በ1986 ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል የተባሉ ተመራማሪዎች የዩኒቨርስቲ ተማሪዎችን በቀን 15 ደቂቃ ለ4 ቀን አስጻፉ። ከባድ የሕይወት ገጠመኛቸውንና ስሜታቸውን አጣምረው የጻፉት፣ ለጊዜው ከፍቷቸው ቢታይም፣ በቀጣዮቹ ወራት ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ የሄዱት ተራ ነገር ከጻፉት ባነሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ብዙ ጥናቶች ግን ጥቅሙን መጠነኛ ሆኖ ነው ያገኙት። ስለዚህ ግጥም በመርፌና በክኒን ፋንታ ይሰጥ የምንል አይደለንም። የታመመ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ዴላኒም ብትሆን ከሐኪሞቹ ጎን ቆማ ነው የሠራችው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እናተርፋለን? ለኛ የታየን ይህ ነው። የቅኔው መምህር፣ አልቃሿ፣ ዴላኒና ኮክ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ከጽሑፉ በፊት ሰውየውን ማየታቸው። መምህሩ ቅኔውን የሚያቃናው ተማሪው ራሱ «ቅኔ ልማር» ብሎ እግሩ ሥር ስለ ተቀመጠ ነው። የክፍላችን ልጅ ግን ወደኛ የመጣው ሊማር አልነበረም። ለቅሶ ቤቱን ይዞ ነበር የመጣው፤ እኛ ቅኔ ቤት መሰለን። ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ለሥነ ጽሑፍ ምሽታችን አንድ ቀላል ሐሳብ እናቀርባለን። የሚያነብ ሰው ከማንበቡ በፊት «ይታረም» ወይም «ይደመጥ» ይበለን። ይታረም ላለው እንደ ቅኔ ቤቱ ሳንራራ እናርምለት፤ ማቆላመጥ ማንንም ጸሐፊ አያደርግም። ይደመጥ ላለው ግን እስክሪብቶአችንን ኪሳችን ከተን እናዳምጠው።

ልጁን ወረቀቷን እንዲያመጣት በቀደም ለምነነዋል። «እስቲ አያለሁ» ነው ያለን። እስከ ዛሬ አላመጣትም።