የጥንታዊ መኪና ቸርኬና የዐባይ ቁልቁለት

ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ወደ ዐባይ ወርዶ በደጀን በኩል ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀው የመኪና መንገድ የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ሥራ ነው። በ1933 ዓ.ም. ድል የተመታው የጠላት ጦር ከደብረ ማርቆስ ሲሸሽ ዐባይን የተሻገረውም በዚሁ በኩል ነበር። መንገዱ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያም በጃፓን ርዳታ የተሠራው አዲስ ድልድይ ተመርቋል። ቁልቁለቱ ግን ያው ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ያንኑ ያህል ይወጣል። ፍሬን የሚወርደውን መኪና ግፊት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሙቀቱም ከፍሬኑ ታምቡር ወደ ቸርኬ፣ ከቸርኬው ወደ ጎማ ይተላለፋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ጎዳና የጌጥ ጉዳይ የሚመስለው ጥያቄ፣ ማለትም ጥንታዊ መኪና ከፋብሪካ ይዞት በወጣው ቸርኬ ይነዳ ወይስ አይነዳ የሚለው፣ እዚህ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ይሆናል።

የቸርኬ ታሪክ የሚጀምረው ከእንጨት ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የብዙዎቹ የዘመኑ መኪኖች እግር ከመድፍ ሠረገላ የተወረሰ የእንጨት ዘንግ ነበር። እንጨት ደግሞ ተቆርጦም ቢሆን አይተኛም፤ በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ያብጣል። የላላ ዘንግ ሲንቋቋ ውኃ የሚያጠጡት ባለንብረቶች አሉ። ዘዴው ለጎጃም ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ እርሱም እጀታው የላላበትን መጥረቢያ ውኃ ውስጥ ይነክራል። መጥረቢያ ቢወልቅ ግን ጉዳቱ ባንድ ሰው ዙሪያ ነው። ውኃው ለአንድ ቀን ያጠብቃል፤ እንጨቱ ሲደርቅ ግን በእብጠቱ የተጨፈለቀው አካል ከበፊቱ ይብስ ይላላል።

ብረት ሲተካው አደጋው አልጠፋም፤ ተደበቀ። የጎጃምን እህል ወደ አዲስ አበባ ሲያጓጉዙ በኖሩት የዚያ ትውልድ ከባድ መኪኖች ዘንድ ከአንድ በላይ ክፍል ያለው ቸርኬ የተለመደ ነበር። ጎማውን በቦታው የሚይዘው ጠርዙ ላይ የሚገባ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ የሚገባበት ጎድጓዳ ዝጎ ከሆነ፣ ወይም ከሌላ ቸርኬ የመጣ ቀለበት ከተገጠመ፣ አየር ሲሞላ ቀለበቱ እንደ ጥይት ይፈናጠራል። ያን ጊዜ ከፊቱ ያለው ሾፌሩ ሳይሆን ያጎነበሰው ጎሚስታ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ እንዲህ ያለው ጎማ በብረት መከለያ ውስጥ ሆኖ አየር እንዲሞላ፣ የማይጣጣሙ ክፍሎችም እንዳይቀላቀሉ አዟል። ደንቡን የወለደው የሠራተኞች ሞት ነው።

ቮልስዋገን በዚህ ረገድ የዋህ ይመስላል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ በታሪካችን ስም ያላት ናት፤ ዘመዶቿም እስከ ዛሬ በጎዳናው ላይ ይታያሉ። ቸርኬዋ አንድ ወጥ ብረት ነው። ሆኖም የጥንቶቹ ቸርኬዎች የጎማውን ከንፈር በቦታው የሚያግድ ጉብታ የላቸውም። ያለ ካላማዳሪያ እንዲሠራ የታሰበ ዘመናዊ ጎማ ሲገጠምባቸው፣ ነፋሱ በቀነሰ ጊዜ ጎማው በመጠምዘዣ ላይ ሊንሸራተት ይችላል፤ እናም ካላማዳሪያው መቅረት የለበትም። ከዚህ የከፋው በቡሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ የሚጀምር ስንጥቅ ነው። አዲስ ቀለም ይህን ስንጥቅ ያስውበዋል እንጂ አይጠግነውም፤ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ሳይመረመር ስለ ቸርኬው ደኅንነት መናገር ከንቱ ነው።

የመጀመሪያው ቸርኬ ከተለወጠ ቅርሱ ፈረሰ የሚሉ አሉ። ቁጭታቸው ይገባል፤ አዲስ የሚያብለጨልጭ ቸርኬ በሽማግሌ መኪና ላይ ሲታይ ዓይን ይወጋል። ነገር ግን የእንጨቱ ዘንግ በገዛ ዘመኑም በባለሙያ እጅ እየተነቀለ ይተካ ነበር። በመጀመሪያው ልክና መልክ የተሠራ ምትክ የዚያው ሙያ ቀጣይ እንጂ ሐሰት አይደለም። የተነቀለው ቸርኬ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ አይሂድ፤ የወረደበት ቀንና የወረደበት ምክንያት ተጽፎበት ከመኪናው ጋር ይቀመጥ። መኪናው በትርዒት አዳራሽ ሲቆም እርሱ ይገጠምለት፤ ወደ ደጀን ሲነሣ ምትኩ።