የሎደር ሃይድሮሊክ ሲሊንደር ዘይት ሲያፈስ፤ ባለንብረትና ተከራይ ሊያውቁት የሚገባ

ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ጃናሞራ የሚያቀናው መንገድ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ፣ በቧሂት በኩል ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይወጣል፡፡ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ ቁልቁለት አለ፡፡ በእንዲህ ዓይነት ገደል ላይ በተቀደደ መንገድ ክረምት በገባ ቁጥር አፈርና ድንጋይ ይናዳል፡፡ ናዳውን የሚጠርገው ሎደር ነው፤ ሎደሩ ከቆመ መንገዱም ይቆማል፡፡ እህል የጫነ መኪናም ሆነ ምጥ የያዛት እናት እዚያው ይጠብቃሉ፡፡

ሎደሩን ያቆመው ግን ብዙ ጊዜ የሞተር መፈንዳት አይደለም፡፡ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለች አንዲት የጎማ ቀለበት መበላቷ ነው፡፡ የማሽኑ ባለቤት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ «ዘይት እያፈሰሰ ነው» ሲባል የሚመልሰውን ያጣል፡፡ ትራክተር ላይ የተገጠመ ትንሽ ሎደርም ይሁን ትልቁ የመንገድ ሥራ ማሽን፣ የሲሊንደሩ አሠራርና ጥገና በመሠረቱ አንድ ነው፡፡

ሲሊንደሩ እንዴት ይሠራል?

ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተጫነ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል፡፡ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ. በ1795 ይህንኑ ተጠቅሞ የሃይድሮሊክ መጭመቂያ የባለቤትነት መብት አወጣ፡፡ የዛሬውም ሎደር በዚያው ሕግ ይሠራል፡፡

ስሌቱ ቀላል ነው፡፡ ውስጠኛ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር የፒስተኑ ገጽ 19.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፡፡ ፓምፑ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 170 ኪሎ ግራም ግፊት ቢሰጠው፣ አንዱ ሲሊንደር ብቻ ከ3,300 ኪሎ ግራም በላይ ይገፋል፡፡ ይህን ሁሉ ጉልበት አፍነው የሚይዙት የጎማና የፕላስቲክ ማሸጊያዎች፣ መካኒኮች «ሲል» እና «ኦሪንግ» የሚሏቸው ናቸው፡፡ አንዱ በፒስተኑ ዙሪያ ተቀምጦ ሁለቱን የዘይት ክፍሎች ይለያል፡፡ ሌላው በክዳኑ ውስጥ ሆኖ የሚወጣውንና የሚገባውን ዘንግ አንቆ ይይዛል፡፡ ከሁሉም ውጪ ያለው ደግሞ ጭቃና አቧራ ከዘንጉ ላይ የሚጠርገው ነው፡፡ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ይኼ የመጨረሻው ነው፤ እሱ ሲበላ አሸዋ ይገባና ሌሎቹን ያስከትላል፡፡

ፍሳሹ ከየት ነው?

የፍሳሽ ዓይነት ሁለት ነው፤ የሚታይና የማይታይ፡፡ የሚታየው በዘንጉና በክዳኑ መገናኛ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ነው፡፡ ዘንጉ ላይ ስስ የዘይት ወዝ መኖሩ ጤነኛ ነው፤ ጠብታ ሆኖ መሬት የሚደርስ ከሆነ ግን የዘንጉ ሲል አልቋል፣ ወይም ዘንጉ ተጭሯል፡፡ አንዳንዴም ጥፋተኛው ሲሊንደሩ ሳይሆን ቱቦው ወይም የቱቦው መጋጠሚያ ሊሆን ስለሚችል፣ አካባቢውን አጥቦ አድርቆ መመልከት ይቀድማል፡፡

የማይታየው ይበልጥ ያሳስታል፡፡ የሎደሩ ክንድ ጭነት ይዞ ቆሞ ሳለ ቀስ እያለ ሲወርድ ብዙዎች ወዲያው «የፒስተኑ ሲል አልቋል» ብለው ሲሊንደሩን ያስፈታሉ፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ክንዱ ሲወርድ ዘንጉ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ዘንጉ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ለዘይቱ የሚቀረው ጠቅላላ ቦታ ይጠባል፡፡ ዘይት ደግሞ አይታመቅም ማለት ይቻላል፡፡ ስለዚህ መቆጣጠሪያው ቫልቭ ሁለቱንም መስመሮች አጥብቆ ከዘጋ፣ የፒስተኑ ሲል ቢበላ እንኳ ክንዱ ብዙ ሊወርድ አይችልም፡፡ እየወረደ ከሆነ ዘይቱ መውጫ አግኝቷል፤ በውጭ የማይታይ ከሆነም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቫልቩ ነው፡፡

የፒስተኑን ሲል ለመለየት ሲሊንደሩ እስከ እንቅስቃሴው መጨረሻ ይደርስና ይቆማል፡፡ ግፊቱ ከተለቀቀ በኋላ ግፊት የማይሰጠው ወገን ቱቦ ተፈትቶ ይደፈናል፤ ከዚያ በሌላው ወገን ቀስ ብሎ ግፊት ይሰጣል፡፡ ከተከፈተው ቀዳዳ ዘይት ሳያቋርጥ ከወጣ ሲሉ አልቋል ማለት ነው፡፡ ይህ ግን ልምድ ላለው መካኒክ እንጂ ለሞካሪ የሚተው አይደለም፡፡

ከመፍታት በፊት

በዚህ ሥራ ሰው የሚሞተው ወይም አካሉን የሚያጣው ከመፍታቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ነው፡፡ ባልዲው መሬት ላይ ይውረድ፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ ጎማዎቹ ላይ ታኮ ይደረግ፤ ከዚያ የመቆጣጠሪያ እጀታዎቹን በሁሉም አቅጣጫ ደጋግሞ ማንቀሳቀስ የታፈነውን ግፊት ይለቃል፡፡ ክንዱ ተነስቶ መሠራት ካለበት በብረት ድጋፍ ይታሰር፤ በዘይት ብቻ ከተያዘ ክንድ ሥር ማንም አይግባ፡፡

ፍሳሽን በእጅ እየዳሰሱ መፈለግ ፈጽሞ አይገባም፡፡ ከቀጭን ቀዳዳ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፡፡ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ስለሆነ ተጎጂው «ምንም አይደለም» ብሎ ያድራል፤ በውስጡ ግን ሥጋው እየሞተ ነው፡፡ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ጣት ወይም እጅ ሊቆረጥ ይችላል፡፡ ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን፣ ከጃናሞራ ሲነሱ ደግሞ ተራራው እንደሚጨመር ያስታውሷል፡፡ ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ቁራጭ ነው፡፡

መፍታት፣ መመርመር፣ መግጠም

ቱቦዎቹ ሲፈቱ አፋቸው ይደፈን፤ አቧራ ከገባ ፓምፑንም ይበላል፡፡ ሲሊንደሩ ወጥቶ ዘይቱ ከተንጠፈጠፈ በኋላ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ በሞርሳ ይያዛል፡፡ ክዳኑ እንደ ሥሪቱ በጥርስ የሚፈታ ወይም በቀለበት የተቆለፈ ይሆናል፡፡ አልወጣም ያለን ዘንግ በኮምፕሬሰር አየር መግፋት እንደ ጥይት ሊያስወነጭፈው ስለሚችል ክልክል ነው፡፡

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የጥገናውን ዕድሜ ይወስናል፤ ሲሉ ለምን አለቀ? ጥፍር በዘንጉ ላይ ሲሄድ የሚይዘው ጭረት ካለ፣ ክሮሙ ከተላጠ ወይም ዘንጉ ከተጣመመ አዲሱም ሲል አይቆይም፡፡ ጥቃቅኑ ጭረት በስስ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ጥልቁ ግን በቶርኖ ቤት ተስተካክሎ እንደገና ክሮም መልበስ ወይም በአዲስ መተካት አለበት፡፡ የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳም እንዲሁ ይፈተሻል፡፡

አዲሶቹ ሲሎች በልክ እንጂ በግምት አይገዙም፡፡ በሚሊ ሜትርና በኢንች የተሠሩት ይቀራረባሉ እንጂ አይተካኩም፡፡ አሮጌዎቹ ሲወጡ አቀማመጣቸው በፎቶ ይያዝ፡፡ የግፊት ሲል ከንፈሩ ወደ ዘይቱ፣ የአቧራ ጠራጊው ከንፈር ወደ ውጭ ይዞራል፤ ተገልብጦ የገባ ሲል ከመጀመሪያው ቀን ያፈሳል፡፡ በካቻቪቴ ጫፍ እየወጉ ማስገባትም አዲሱን መቅደድ ነው፡፡ ሲሎቹ በንጹሕ የሃይድሮሊክ ዘይት ተቀብተው ይገባሉ፤ የፒስተኑ ዳዶ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጠብቃል፡፡ ሲሊንደሩ ከተመለሰ በኋላ ያለ ጭነት ቀስ ብሎ ደጋግሞ ማመላለስ አየሩን ያስወጣል፤ ከዚያ የዘይቱ መጠን ይታያል፡፡ በደጋው ብርድ ዘይቱ ስለሚወፍር ጠዋት ሞተሩን አሙቆ ሥራ መጀመር የሲሎቹን ዕድሜ ያረዝማል፡፡ የተቃጠለው ዘይት ደግሞ በበርሜል ይሰብሰብ፤ ከጃናሞራ ተራሮች የሚወርደው ውኃ ተከዜ ይገባልና፡፡

ወጪውና ኃላፊነቱ የማን ነው?

በኪራይ የሚሠሩ ማሽኖች ጠብ የሚያስነሱት እዚህ ላይ ነው፡፡ ባለንብረቱ «ኦፕሬተሩ አበላሸው» ይላል፤ ተከራዩ «ሲመጣም ያፈስ ነበር» ይላል፡፡ መፍትሔው ከመረካከቡ በፊት የእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁኔታ በጽሑፍና በፎቶ መያዙ፣ የሲልና የዘይት ወጪ በማን እንደሆነ፣ ማሽኑ ለጥገና የቆመበት ቀን ኪራይ ይታሰብ አይታሰብ እንደሆነ በውሉ መጻፉ ነው፡፡

በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት ግን ነገሩ ይከብዳል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የማሽን ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ያንቀሳቀሰው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፡፡ «እኔ ጥፋት የለብኝም» ማለት አያድነውም፡፡ በሠራተኛው በኩል ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፡፡ ባልተደገፈ ክንድ ሥር ሠራተኛ ያስገባ አሠሪ ይህን ግዴታ ጥሷል፡፡

አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ፡፡ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ማድረስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይተናል፡፡ ወደ ሰሜን ተራሮች ሎደር የሚልክ ባለንብረት፣ ድርጅት ወይም መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ሙሉ የሲል ስብስብ፣ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ዘይትና የክንድ መደገፊያ ብረት አብሮ ይላክ፡፡ ለጥቂት የጎማ ቀለበቶች ሲባል ማሽን ለሳምንታት ሲቆም፣ ከባለቤቱ ይልቅ የሚጎዳው ከናዳው ማዶ የሚጠብቀው ሰው ነው፡፡